ፋብሪካው ሲቆጠር ያልተቆጠረው ክፍል



ስለ ቤት ኪራይ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምንጨቃጨቀው በዋጋው ነው። አከራይ ጨከነ፣ ደላላ አናረው፣ መንግሥት ዝም አለ እንባባላለን። በሁሉም ውስጥ እውነት አለ። እኔ ግን ዛሬ ከዋጋው ቀድሞ ስለሚመጣው ነገር፣ ስለሚከራየው ነገር ራሱ መናገር እፈልጋለሁ። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አቃቂ ላይ የሚከራየው ቤት አይደለም፤ ክፍል ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች ሰርቪስ፣ ወይም ከአጥሩ ጋር ተለጥፋ የተሠራች ባለ አንድ በር የጭቃ ወይም የብሎኬት ክፍል። ሽንት ቤቷ የጋራ፣ ቆጣሪዋ የአከራዩ፣ ውሃዋ በፈረቃ የሚመጣ። የዚህን ከተማ ጉልበት ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት ሠራተኛና ጀማሪ አስተማሪ አስጠልላ የምታድረው እርሷ ናት። እርሷ ግን በከተማው ዕቅድ ውስጥ የለችም፤ በቤቶች ልማት መርሐ ግብር ውስጥ የለችም፤ ሕግ ሲያስታውሳትም ከፎቅ አፓርታማ ጋር በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ስለ ድሃ መጠለያ የተነጋገርነው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ አንዱ የኪራይ ጣሪያ፣ ሌላው የባለቤትነት ዕጣ። ጣሪያው ተከራዩን ካለበት እንዳይነቀል ሊያደርግ ይችላል፤ ዕጣው ዕድለኛውን ባለ ንብረት ያደርጋል። ክፍል ግን አንዳቸውም አይሠሩም። የዛሬው ክርክሬ ይኸው ነው።

አቃቂን የመረጥኩት ለዚህ ጉዳይ ከእርሷ የተሻለ ምስክር ስለማይገኝ ነው። የአቃቂ ከተማነት የተወለደው ከሥራ ነው። መጀመሪያ የጅቡቲው ባቡር መጣና ጣቢያ ሆነች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከህንዱ የቢርላ ኩባንያ ጋር በሽርክና የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለባት። በደርግ ዘመን የመለዋወጫ ፋብሪካው ተጨመረ። ከዚያ በኋላ መጋዘኑ፣ ብረታ ብረቱ፣ የቂሊንጦው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከከተማው ወሰን ማዶ ደግሞ የገላንና የዱከም ፋብሪካዎች ተከታተሉ። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በደቡብ በኩል የሚያበቃው ቃሊቲ ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ብቻ የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሕዝብ ከ180 ሺህ በላይ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፋብሪካ በተመረቀ ቁጥር ሪባኑ ሲቆረጥ ስንት ሰው እንደሚቀጥር ይነገራል። ያ ሁሉ ሰው ስንት አልጋ እንደሚፈልግ ሲነገር ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለሺህ ሰው የሥራ ዕድል ተፈጠረ ይባላል፤ ሺው ሰው ማታ የት ይገባል የሚለው ለደላላው ይተዋል። አልጋውን ያዘጋጀው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ አስገራሚ ነው። ጡረታ የወጣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ባሏ የሞተባት እናት፣ መሬቱ በከተማ የተዋጠበት ገበሬ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ሦስት ክፍል ቀጥለው የኢንዱስትሪውን ሠራተኛ ያሳደሩት እነርሱ ናቸው። ባንክ አላበደራቸውም፤ ማዘጋጃ ቤት ፕላን አልሠራላቸውም፤ አንዳንዶቹም ክፍሎቹን የሠሩት በጨረቃ ብርሃን ነው። የአቃቂን የኪራይ ቤት አቅርቦት እነዚህ ሰዎች ሲሸከሙት፣ እኛ ግን ስማቸውን የምናነሳው ስግብግብ አከራይ ብለን ልንወቅሳቸው ስንነሳ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. 4,760 ብር ነበር፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 6,000 ብር ሆኗል። በአዲሱ የገቢ ግብር ስሌት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከቀሪው ላይ 700 ብር ግብር ይነሳል፤ ለጡረታ ደግሞ 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር። እጅ ላይ የሚደርሰው 4,880 ብር ነው። በዓለም ላይ የተለመደው መለኪያ አንድ ቤተሰብ ለመጠለያ ከገቢው ሲሶ ገደማ በላይ ባያወጣ ጥሩ ነው ይላል። የ4,880 ብር ሲሶ 1,627 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ዛሬ አቃቂ ላይ ምን እንደሚገኝ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ይህ ደግሞ መንግሥት ወለል ያበጀለት ደመወዝ ነው። በግል ፋብሪካ ለሚሠራው ግን ወለሉም የለም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ቢታሰብም፣ ለግሉ ዘርፍ የሚሠራ ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን በአገር ደረጃ አልተቆረጠም። ስለዚህ ሠራተኛዋ የምታደርገው የታወቀ ነው፤ ደባል ትይዛለች። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይገባሉ፤ የቀን ፈረቃና የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች በአንድ ፍራሽ ይፈራረቃሉ። ኪራዩ በነፍስ ወከፍ ሲካፈል ይቻላል። የማይካፈሉት አየሩ፣ እንቅልፉና ጤናው ናቸው።

ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድ ነገር ዘወትር ይረሳል፤ እርሱም መንገዱ ነው። ኪራይ ማለት ለአከራይ የሚቆጠረው ብር ብቻ አይደለም። ከፋብሪካው አጠገብ ያለችው ክፍል ውድ ናት፤ ሁለት ታክሲ ርቃ ያለችው ርካሽ ናት። ነገር ግን በቀን አራት ጊዜ የሚከፈለው የታክሲ ሒሳብ በ26 የሥራ ቀን ሲባዛ፣ ርካሽ የተባለችው ክፍል ውድ ሆና ቁጭ ትላለች። በዚያ ላይ የሰልፉ ሰዓት አለ፤ ከማታ ፈረቃ ወጥቶ በጨለማ የሚኬደው መንገድ አለ። ይህን የመጨረሻውን ሴቶቹ ሠራተኞች ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ አንዳንዶቹ ሥራውን የሚለቁት በደመወዙ ማነስ ብቻ ሳይሆን በዚያ መንገድ የተነሳ ነው። ለድሃ ሰው ቤትን ከሥራ ቦታ ነጥሎ ማየት አይቻልም። ቤቱን አርቆ በነፃ ቢሰጡት እንኳ ኪራዩን በታክሲ ይከፍለዋል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይህን በግልጽ አሳይቶናል። በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ለ60 ሺህ ሠራተኛ የታቀደ ነበር፤ ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ግን አብሮ አልታቀደም። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጠቅሰው፣ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየዓመቱ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ በሌላ እየተኩ እንደነበር ጻፉ። አንድ ፋብሪካ በየዓመቱ እንደ አዲስ ሰው ሲያሠለጥን የሚያወጣውን ወጪ አስቡት። ክፍል ባለመሥራት የተቆጠበው ገንዘብ በዚያ በኩል ፈስሶ አልቋል።

እዚህ የደረስነው በአንድ ቀን አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። ከ300 ብር በታች የነበረው ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ትልቁ ቅናሽም ለትንሹ ኪራይ ሆነ። ግለሰብ ለግለሰብ ቤት ማከራየት ተከለከለ። ይህን አዋጅ ዛሬ በአንድ ቃል ማውገዝ የፋሽን ነገር ሆኗል፤ እኔ ግን ፍትሐዊ መሆን ይገባናል እላለሁ። በመሐል አዲስ አበባ ድሃና ሀብታም ጎን ለጎን እንዲኖር፣ ጉሊት የምትሸጥ እናት ከገበያዋ አጠገብ ልጅ እንድታሳድግ ያስቻለው ይኸው የቀበሌ ቤት ነው። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። የቀበሌው ኪራይ በጥቂት ብር ተወስኖ ለአሥርት ዓመታት ሲቆም፣ ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ የተገነጠለ በር እንኳ አያስጠግንም ነበር። ጣሪያው አፈሰሰ፤ ግድግዳው ዘመመ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አዲስ ክፍል የሚሠራ መጥፋቱ ነው፤ መንግሥት በበቂ ሁኔታ አልሠራም፣ ግለሰቡ እንዳያከራይ ታግዷል። በ1967 ውስጥ የነበረው ተጠቀመ፤ በ1975 ከገጠር የመጣው በር አጣ። ያም ሆኖ ሰው ሜዳ ላይ አላደረም፤ ማከራየቱ ወደ ጓዳ ገባ። ተከራዩ "ዘመዴ ነው" ተባለ፤ ውሉ በቃል ሆነ፤ ገንዘቡ ያለ ደረሰኝ ተቆጠረ። ዛሬ በየወረዳው የጽሑፍ ውል አምጡ ሲባል አከራይም ተከራይም የሚሽኮረመሙት፣ ያ የድብቅ ዘመን ያስለመደን ነገር ስላልለቀቀን ይመስለኛል።

ሁለተኛው መንገድ ዕጣው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በአፍሪካ ውስጥ በትልቅነቱ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው፤ ይህን ማሳነስ አልፈልግም። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ። በወር ከ1,200 ብር በታች ለሚያገኘው ወገን 10/90 የሚባል ዘርፍ ተዘጋጅቶለት በወር 187 ብር እንዲቆጥብ ተደረገ። ነገሩ ሁሉ ግን የተቃኘው በሽያጭ ነው። ቤቱ ሲደርስ ቅድሚያ ክፍያ አለ፤ የባንክ ዕዳ አለ፤ ወለሉና ሌላው ማጠናቀቂያ አለ፤ ብዙ ጊዜም ቤቱ ከሥራው ቦታ በጣም የራቀ ነው። ዕጣ የወጣለት ድሃ ምን አደረገ? ብዙው ቁልፉን ለሌላ አከራየ። በኪራዩ የባንክ ዕዳውን እየከፈለ፣ እርሱ ራሱ ወደ አንዲት የጭቃ ክፍል ተመለሰ። ለድሃ ተብሎ የተሠራው ፎቅ በዚህ መንገድ የመካከለኛ ገቢ ሰው የኪራይ ቤት ሆነ፤ ድሃው ደግሞ የፎቁ ባለቤት ተብሎ የክፍል ተከራይ ሆኖ ቀረ። ቱሉ ዲምቱና ገላን አካባቢ አሁን የሚታየው ደግሞ ከዚህም አንድ እርምጃ የሄደ ነው፤ ሳሎኑ በመጋረጃ ተከፍሎ፣ መኝታ ቤቱ ለብቻው ተቆልፎ፣ ፎቁ ራሱ መልሶ በክፍል ይከራያል። መርሐ ግብሩ ሊሠራው ያልፈለገውን ነገር ተከራዩ በመጋረጃ ሠራው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ 25,491 ቤት ነበር፤ እርሱም የመረጃ ማጭበርበር ተገኝቶበት ተሰርዞ በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ስለ ማጭበርበሩ ብዙ ተብሏል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ቁጥሩ ነው። ከመቶ ሺዎች ሰልፈኛ ፊት 25 ሺህ ቤት አስቀምጦ ዕጣ ማውጣት፣ ችግረኛውን ሳይሆን ዕድለኛውን የመምረጥ ዘዴ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ግፊት መጥቷል። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን ሲያነሳ፣ ከካዛንቺስ ከተነሱት ብዙዎቹ የመጡት ወደዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ገላን ጉራ ነው። ምትክ የሚሰጠው በስሙ ውል ወይም ካርታ ላለው ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ተጠግቶ፣ በቃል ውል ክፍል ይዞ የኖረው ተከራይ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ ስሙ የለም። ሰፈሩ ሲፈርስ የፈረሱት የቀበሌ ቤቶች ብቻ አልነበሩም፤ ከቀበሌ ቤቶቹ ጋር የተለጣጠፉት ክፍሎችም አብረው ጠፉ። ያ ሁሉ ክፍል ፈላጊ አሁን የት ሄደ? ኪራይ ወደሚቀንስበት ወደ ዳር ነው፤ ማለትም ወደ አቃቂ፣ ወደ ፋንታ፣ ወደ ሰርቲ፣ ወደ ቂሊንጦ። በመሐል ከተማ ክፍል እየቀነሰ፣ በዳር ፈላጊ ሲጨምር ዋጋው ምን እንደሚሆን ለማወቅ የምጣኔ ሀብት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ጭካኔ የምንለው ነገር አብዛኛው እጥረት ነው።

መንግሥት ለዚህ የሰጠው መልስ በመጋቢት 2016 በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. ኪራይ መጨመርን ለተወሰኑ ወራት አግዳ፣ እገዳውን ደጋግማ ስታራዝም ነበር። አዲሱ አዋጅ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆይ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን እንዲሆን ያዝዛል። የስድስት ወርና የአንድ ዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ቁጠር ለሚባል ተከራይ የሁለት ወሩ ገደብ ትልቅ ነገር ነው። "ልጄ ከውጭ ልትመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ" የሚለውን ያረጀ ምክንያት ለሰለቸው ሰው ደግሞ የሁለት ዓመቱ ዋስትና እፎይታ ነው። (በአከራዮቻችን አነጋገር ስንቱ የውጭ ልጅ በየሦስት ወሩ ሲመጣ እንደከረመ ቢቆጠር፣ አየር መንገዳችን ተጨማሪ አውሮፕላን ባስፈለገው ነበር።) ስለዚህ አዋጁን አልቃወምም። የምለው አዋጁ ክፍሏን አላያትም ነው። ክፍሏ ብዙ ጊዜ የግንባታ ፈቃድ የላትም። አከራይዋ ውል ላስመዝግብ ብላ ወረዳ ስትሄድ የምታስመዘግበው ውሉን ብቻ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ የቀጠለቻትን ክፍልም ነው። ግብሩ አለ፤ ከግብሩ በላይ ደግሞ "ይህ ከፕላን ውጭ ነው" የሚለው ፍርሃት አለ። ተከራይዋም ክፍሏ ከምትታወቅ ተደብቃ ብትቀርላት ትመርጣለች፤ ብትታወቅ ልትፈርስ ትችላለችና። ሕጉ ባላንጣ አድርጎ ያያቸው ሁለት ሰዎች በዝምታ ይስማማሉ። ወረቀት ላይ የሰፈረው ብርና በእጅ የሚቆጠረው ብር ይለያያል የሚባለው ወሬ የሚፈልቀው ከዚሁ ነው።

ተከራዩ ይጠበቅ፣ ክፍልም ይብዛ በምለው ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ከምጣኔ ሀብት ሰዎች የሚመጣው ነው። የኪራይ ቁጥጥር በማንኛውም መልክ አቅርቦትን ይገድላል፣ ስለዚህ ይነሳ ይላሉ። ለዚህ የሚጠቅሱት ጠንካራ ማስረጃ ከሳን ፍራንሲስኮ የመጣ ነው። ያ ከተማ በ1994 እ.ኤ.አ. የኪራይ ቁጥጥሩን ከ1980 በፊት ወደተሠሩ ትናንሽ ባለ ብዙ ቤት ሕንፃዎች አስፋፋ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ሲያጠኑት፣ ቁጥጥሩ የደረሰባቸው አከራዮች የሚያከራዩትን ቤት በ15 በመቶ ቀንሰው አገኙ፤ ሕንፃውን ወደ ሽያጭ ቤት እየለወጡ ማለት ነው። ይህ እውነት ነው። ግን የዚያኑ ጥናት ሌላ ግማሽ የሚጠቅስ ጥቂት ነው፤ ተከራዮቹ በአድራሻቸው የመቆየት ዕድላቸው በግልጽ ጨምሮ ነበር። እንግዲህ ጥናቱ የሚለን ቁጥጥር ያለውን ሰው ያጸናል፣ የሚመጣውን ሰው ይጎዳል ነው። የእኛም የ1967 ታሪክ ያንኑ ነው የሚለው። የአቃቂዋ እናት ክፍሏን ወደ ሽያጭ አፓርታማ ልትለውጥ አትችልም፤ የምትችለው አራተኛውን ክፍል አለመሥራት ነው። ስለዚህ መፍትሔው ጥበቃውን ማንሳት አይደለም። አራተኛውን ክፍል እንድትሠራ ማድረግ ነው። ተከራይን ከመባረር መጠበቅና ክፍል ማብዛት ተፃራሪ ነገሮች የሚመስሉን፣ ሁለተኛውን ሞክረነው ስለማናውቅ ነው።

ክፍል ይብዛ ስል "ድኅነትን ሕጋዊ ልታደርግ ነው ወይ፤ ጎስቋላ መንደር በፈቃድ ይሠራ ልትል ነው ወይ?" የሚል መልስ ይመጣል። መልሱን የሚሰጡት ብዙዎቹ ቅን ባለሙያዎች ናቸው፤ ከተማ ውብ እንዲሆን የሚፈልጉ። ነገር ግን ክፍሏ ዛሬም አለች። ምርጫችን ክፍል በመኖርና ባለመኖር መካከል አይደለም፤ መስኮት ባላትና በሌላት ክፍል መካከል ነው። ደረጃ ስናወጣ የምንለካው በፎቅ ነው፤ ፎቁን መድረስ ያልቻለው ሁሉ ሕገ ወጥ ይባልና ከዚያ በኋላ የሚያነጋግረው ዶዘር ብቻ ይሆናል። ለኪራይ ክፍል ራሷን የቻለች ቀላል ደረጃ ቢወጣላትስ? የግድግዳው ቁመት፣ የመስኮቱ ስፋት፣ ለስንት ሰው አንድ ሽንት ቤት፣ የራሷ ቆጣሪ። ፈቃዱም በወረዳ ደረጃ በጥቂት ቀን የሚያልቅ። እንዲህ ያለ ፈቃድ "አዎ" ማለት ብቻ ሳይሆን "አይሆንም" ማለትም ያስችላል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ውሃ የሚገባባቸው ክፍሎች አሉ፤ እዚያ ዳር ክፍል መሥራት መከልከል አለበት። ግን ሁሉም ነገር በተከለከለበት አገር፣ የወንዙ ዳር ክልከላ ከሌላው ክልከላ በምን ይለያል? ሰውየው የትም ቢሠራ ሕገ ወጥ ከሆነ፣ መሬቱ ርካሽ በሆነበት በወንዙ ዳር ይሠራል።

የባለቤትነቱ ተቃውሞ ከሕዝቡ ልብ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህም በጥንቃቄ ልመልሰው። "ኢትዮጵያዊ የራሱን ጎጆ ነው የሚፈልገው፤ ዕድሜ ልክ ተከራይ ሁን ልትለው ነው?" ይሉኛል። ቋንቋችን ራሱ ከእነርሱ ጋር ነው። ትዳር መያዝን ጎጆ መውጣት እንላለን። ሚስት ባሏን፣ ባል ሚስቱን "ባለቤቴ" ይላሉ። በሰዋስው ትምህርት እንኳ የዓረፍተ ነገሩን ድርጊት የሚፈጽመው "ባለቤት" ነው፤ ቤት የሌለው ሰው በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንኳ ቦታ ያጣ ይመስላል። ምኞቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ሰው በሕይወቱ ውስጥ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነገር አይፈልግም። ከጎጃም ወይም ከወላይታ መጥታ ስፌት ፋብሪካ የገባች የ20 ዓመት ልጅ አሁን የሚያስፈልጋት የሃያ ዓመት የባንክ ዕዳ አይደለም። የሚቆለፍ በር፣ ውሃ፣ ከፋብሪካው በእግር የሚደረስ ርቀት፣ ሳትባረር የምትቆይበት ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ ቆጥባ አገሯ ትመለስ ይሆናል፤ ትዳር ትይዝ ይሆናል፤ ሱቅ ትከፍት ይሆናል። እንዲያውም የራሷን ቤት አንድ ቀን እንድትሠራ ከተፈለገ መንገዱ ይኸው ነው፤ ኪራይ ደመወዟን ሁሉ ከበላው የምትቆጥበው አይኖራትም። ባለቤትነትን ብቸኛ ክብር አድርገን ስንሰብክ፣ መሸጋገሪያው ላይ ያለውን ብዙኃን መሸጋገሪያ አልባ አስቀረነው።

የመጨረሻው ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ቪየና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የወጣችው ግዛቷን ያጣች፣ የተራበች ከተማ ሆና ነበር። በዚያው ድኅነት ውስጥ ሀብታሙ የበለጠ የሚከፍለው የቤት ግብር ጥላ፣ እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ60 ሺህ በላይ የሠራተኛ መኖሪያ ሠራች። አልሸጠቻቸውም። ዛሬም ታከራያቸዋለች። አዲስ አበባ ቪየና አይደለችም፤ የግብር አቅሟም ያን ያህል አይደለም። ነገር ግን እኛም እኮ ሠርተናል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቤት ገንብተን እስከ መጨረሻው ድረስ ሸጥነው። ከአሥሩ አንዱን እንኳ በኪራይ ይዘን ብንቆይ፣ ዛሬ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ የምናከራየው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቤት በእጃችን ነበር። ከ1967ቱ አዋጅ የተወለደው የኪራይ ቤቶች ድርጅት ዛሬም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ተብሎ ይኖራል፤ የማከራየት ልምድ ያለው የመንግሥት ተቋም አጥተን አይደለም። ለግቢዋ እናት ደግሞ የሚያስፈልጋት ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ አንዲት የብሎኬት ክፍል፣ አንድ ሽንት ቤትና አንድ ቆጣሪ የሚያስጨርስ ብድር ነው። ክፍሏ ፈቃድ ካገኘች ማይክሮ ፋይናንሱ ሊያበድራት ይችላል፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ ግድግዳን ግን ማንም በዋስትና አይዝም።

ከፋብሪካዎቹም የሚጠየቅ ድርሻ አለ። ወንጂን አስታውሱ። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር የሠራተኛ መንደሮችንም አብሮ ሠርቷል፤ አገዳ ቆራጭ ከሌለ ስኳር እንደማይኖር ገብቶት ነበር። በወንጂ ሁሉም ያማረ አልነበረም። ቤቱ የፋብሪካው ስለነበረ፣ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ከቤቱም ጭምር ይሰናበት ነበር፤ ቤተሰብን በአሠሪ እጅ ማስገባት አደገኛ ነገር ነው። ስለዚህ አቃቂ ላይ የወንጂን ካምፕ እንድገመው አልልም። ፋብሪካው ይክፈል፣ ክፍሉ ግን የአካባቢው ይሁን፤ የሚያስተዳድረው ሌላ አካል ይሁን፤ ሥራ የለወጠች ሴት በሯን አትለውጥ። መሬት በሊዝ በርካሽ፣ ማሽን ከቀረጥ ነፃ ለምንሰጠው ባለሀብት "ሠራተኞችህ የት ያድራሉ?" ብሎ መጠየቅ ኢንቨስትመንትን ማባረር አይደለም። የሐዋሳው ባለ ፋብሪካ ጥያቄውን ቀድሞ ሰምቶት ቢሆን ሳይጠቀም አይቀርም ነበር።

ነገሩን በትንሽ ሒሳብ ላሳያችሁ። ነገ ቂሊንጦ ላይ 1,000 ሠራተኛ የሚቀጥር ፋብሪካ ፈቃድ ጠየቀ እንበል። በፈቃዱ ማመልከቻ ላይ የመሬቱ ስፋት፣ የሚፈልገው የመብራት ኃይል፣ የውሃው መጠን ይሞላል። ከሺው ሠራተኛ ሁሉም አዲስ መጪ ቢሆኑና ሦስት ሦስት ሆነው ቢገቡ 334 ክፍል ያስፈልጋል። አንድ ግቢ ሦስት ክፍል ቢይዝ ከ110 በላይ ግቢ ማለት ነው። እነዚያ ግቢዎች በእግር በሚደረስ ርቀት አሉ? ካሉ የማን ናቸው፣ ለክፍሉ ፈቃድ አላቸው፣ ውሃው ይደርሳል? ማመልከቻው ላይ ከውሃውና ከመብራቱ ቀጥሎ የዚህ መልስ የሚሞላበት መስመር የለም፤ ያንን መስመር ለማስገባት ደግሞ የክፍለ ከተማው አስተዳደር፣ የኢንቨስትመንቱ መሥሪያ ቤትና የቤቶች ልማቱ ቢሮ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ከእነርሱ መካከል እዚህ አዳራሽ የተገኛችሁ ካላችሁ፣ ጥያቄና መልሱን ከእናንተ እንጀምር።